ለማስተር ፋይል የመረጥኩት ኮዴክ፦ ዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪውኤክስ

ሥራዬ ቃለ መጠይቅና አጫጭር ዶክመንተሪ ኤዲት ማድረግ ነው፤ ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ፣ ሶፍትዌሬ ዳቪንቺ ሪዞልቭ። ያለቀለትን ሥራ ሬንደር አድርጌ ዋናውን ቅጂ (ማስተሩን) የማስቀምጠው በዲኤንኤክስኤችአር ኤችኪውኤክስ (DNxHR HQX) ነው፤ ይህ ኮዴክ፣ ማለትም ቪዲዮ የሚጨመቅበትና የሚፈታበት ስልት ነው። ወድጄዋለሁ፤ የምቀየምበትም ነገር አለ።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይጥራ፦ ኤምፒ4 እና ኤምኦቪ ኮዴክ አይደሉም፣ ማሸጊያ ናቸው። ኤምኦቪ ውስጥ እንደ ኤች.264 ወይም ፕሮሬስ ያለ የትኛውም ኮዴክ ሊቀመጥ ይችላል። «በኤምኦቪ ላክልኝ» ያለኝ ደንበኛ ስለ ጥራቱ ገና ምንም አልነገረኝም።

ኤችኪውኤክስ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ይጨምቃል። ኤች.264 እና ኤች.265 ግን እንደ ልማዳቸው ጥቂቱን ፍሬም ሙሉውን ይይዙና ለቀረው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ፤ ፋይላቸው የሚያንሰው በዚህ ነው። ጣጣው የሚመጣው ፋይሉ ለኤዲት ተመልሶ ታይምላይን (ቪዲዮው የሚደረደርበት መስመር) ላይ ሲገባ ነው፤ አንዷን ፍሬም ለማሳየት ኮምፒውተሩ ጎረቤቶቿንም መፍታት አለበት። ሥራውን ካስረከብኩ ከወራት በኋላ «አሳጥርልኝ» የሚል ሲመጣ የኤችኪውኤክሱን ማስተር እከፍታለሁ። ወደ ኋላ ወደ ፊት ብል አይንገራገጭም፤ ድጋሚ ሬንደር ሳደርገውም የሚቀንሰውን ጥራት ዓይኔ አይለየውም።

ከሁሉ በላይ ያቆራኘኝ ግን የቢቱ ጉዳይ ነው፤ ኤችኪውኤክስ 10 ቢት ይይዛል። 8 ቢት ለአንድ የቀለም ቻናል 256 ደረጃ ይሰጣል፣ 10 ቢት ደግሞ 1024። ከተናጋሪው ጀርባ ባለ ግድግዳ ላይ ብርሃን ቀስ በቀስ ሲደበዝዝ፣ ወይም ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ቀለም ሲታረም፣ 8 ቢቱ እርከን እርከን እየሠራ ያሳፍራል፤ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚያዘውን የዳታ መጠን) የቱንም ያህል ብትጨምሩ ደረጃዎቹ 256 ናቸው። በ8 ቢት የተቀረጸ ምስል 10 ቢት ስላላችሁት አዲስ ዝርዝር አያወጣም፤ የቀለም እርማቱ የፈጠራቸው መካከለኛ ደረጃዎች ግን ይተርፋሉ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ በሪዞልቭ የኮዴኮች ዝርዝር ውስጥ ከኤችኪውኤክስ አጠገብ የተቀመጠው ኤችኪው 8 ቢት ነው። ልዩነቱ ያቺ መጨረሻዋ «ኤክስ» ብቻ ናት። ስያሜውን ያወጣው ሰው ምናለ ትንሽ ቢያስብልን!

አሁን ክብደቱ። ሙሉ ኤችዲ በሰከንድ 30 ፍሬም ሲሆን ወደ 220 ሜጋቢት በሰከንድ ይበላል፣ በሰዓት 100 ጊጋባይት ገደማ። 4ኬ ሲሆን ያንን በአራት አባዙት። ለንጽጽር ያህል፣ ዩቲዩብ ለዚያው ኤችዲ የሚመክረው 8 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፣ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት። ደግሞ ኤችኪውኤክስን ለደንበኛ ስልክ መላክ የማይታሰብ ነው፤ አይከፍትለትም።

ስለዚህ ለደንበኛ ከማስተሩ ላይ ኤች.264 አወጣለሁ፦ ኤክስ264 በሚባለው የመጭመቂያ ሶፍትዌር፣ ሲአርኤፍ (የጥራት ልክ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል) 18፣ ፍጥነቱ «ስሎው» ላይ። በግራፊክስ ካርዱ ማውጣት በጣም ይፈጥናል፤ በእኩል ቢትሬት ሲወዳደር ግን የዘገየው ያምራልና ካርዱን የምጠቀመው ለረቂቅ ብቻ ነው። ኤች.265 ፋይሉን በደንብ ያሳንሳል፣ ተቀባዩ እንደሚከፍተው ካወቅኩ እልከዋለሁ፤ ለማስተር ግን አላምነውም። ኤቪ1 የሚባለውን ሌላ ኮዴክ ለሥራ ገና አልያዝኩትም።

ማክ ላላችሁ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋችሁም፤ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው ውሰዱ። ክብደቱ ተመሳሳይ ነው፣ በጥራትም አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አይቼ መምረጥ አቅቶኛል። ጀርባው ግልጽ የሆነ ጽሑፍ ወይም ሎጎ ከሆነ ደግሞ ፕሮሬስ 4444።

ቅያሜዬ እዚህ ላይ ነው። የፕሮሬስ 422 ቤተሰብ እስከ ታናሹ ድረስ 10 ቢት ነው፤ ዲስክ ሲጠብ ወደ ተራው 422 ወርዶ ለዚያው ኤችዲ በሰከንድ 147 ሜጋቢት ላይ 10 ቢትን እንደያዙ መቆየት ይቻላል። በዲኤንኤክስኤችአር ከኤችኪውኤክስ በታች ያሉት ኤችኪው፣ ኤስኪውና ኤልቢ ሁሉም 8 ቢት ናቸው። መሃል ላይ ማረፊያ የለም፤ ወይ ሙሉውን ክብደት መሸከም ነው፣ ወይ እርከኑን መቀበል።