ቦርድ ላስቸገራችሁ፣ ደሴ ላይ አንድ ልጅ አለ

ኮምቦልቻ ላይ ጫጩት የምታስፈለፍሉ ይህችን አንብቡልኝ። እንቁላል 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። የእኔን ማሽን የምትቆጣጠረው ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) የተጫነባት፣ አርም የሚባል ፕሮሰሰር ያላት ትንሽ ቦርድ ናት። እሷ ደግሞ በየሳምንቱ አንዴ ሁለቴ ትደርቃለች፣ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፋይል ይበላሻል። ሦስት ካርድ ቀየርኩ። መብራት ይሆናል ብዬ ስታቢላይዘር ገዛሁ። ሻጩ «ካርዱ ፎርጅድ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

በመጨረሻ ቦርዷን በፌስታል ጠቅልዬ ደሴ ወጣሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለው ልጅ መፍቻ እንኳ ሳያነሳ «ከርነሉ በምን ኮምፓይለር ነው የተሠራው?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ! ለካ ከርነል የሊኑክስ እምብርት ነው፣ ኮምፓይለር ደግሞ የተጻፈን ኮድ ማሽን ወደሚረዳው የሚቀይር ፕሮግራም። ስትነሳ የምታወጣውን ጽሑፍ አሳየኝ፦ ከርነል 3.10፣ ጂሲሲ የሚባል ኮምፓይለር 4.8.1። ሳቀ።

ለካ ከ4.8.0 እስከ 4.8.2 ያሉት ጂሲሲዎች ለአርም የሚያወጡት ኮድ አንዳንዴ ስታክ (ጊዜያዊ የሚሞሪ ቦታ) ላይ ያለውን ዳታ አንብቦ ሳይጨርስ ቦታውን ይለቃል፣ በዚያች ቅጽበት ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ የሚያቋርጥ ጥሪ) ከገባ ላዩ ላይ ይጽፍበታል። ካርዱ ላይ ያለው ፋይል የሚበላሸውም በዚህ ነው። «ዕቃህን ሳታወጣ የቤት ቁልፍ እንደ መመለስ ነው፣ አዲስ ተከራይ እስኪመጣ ምንም አትሆንም» አለኝ። የሊኑክስ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከርነሉ በእነዚህ ኮምፓይለሮች እንዳይሠራ፣ ገና ሲጀመር ስህተት ብሎ እንዲቆም አድርገው ነበር። ከቦርዷ ጋር በተሰጠኝ ኮድ ላይ ግን ያችን መስመር አንዱ ኮምፓይለሩ እንዳያነባት በሁለት ጭረት (//) ዘግቷታል። አስቡት እንግዲህ!

አዲስ ጫንና ገላግለኝ አልኩት። ጂሲሲ 5ን ሞከረ፣ ወዲያው «ኮምፓይለር-ጂሲሲ5» የሚባል ፋይል የለም ብሎ ቆመ። የያኔዎቹ ከርነሎች ለየጂሲሲው ትውልድ የራሱን ፋይል ነው የሚፈልጉት፣ እ.ኤ.አ. የ2013ቱ 3.10 ደግሞ 5ን ከየት ያውቀዋል። ፋይሉን ገልብጦ ማለፍ ይቻል ነበር፣ እሱ ግን «ሌላ ጣጣ ይጎትታል፣ በሰው እንቁላል አልሞክርም» ብሎ ችግሩ ወደተስተካከለበት 4.8.5 ሄደ። የተዘጋችውን መስመርም መልሶ ከፈታት። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

ሁለት ቀን ሠርቶ ያስከፈለኝ ከስታቢላይዘሩ ያነሰ ነው። ልጨምርልህ ብለው «አብሽር» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዙር አስፈልፍያለሁ፣ አንዴም አልደረቀችም፣ አልሀምዱሊላህ።

ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ ጁምዓ ከሰዓትም ዝግ ነው። ስሜን አትለጥፍ ስላለኝ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ከሻጩ የተሰጣችሁን ኮድ በፍላሽ ያዙ፣ ያለሱ ቦርዱን አይነካም።