ዌብሳይት ያሠራችሁ፣ ዶሜይኑ (የዌብሳይቱ አድራሻ) በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ እዩ

ዌብሳይቴን ከሠሩልኝ ልጆች ቢሮ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ አሜሪካ ናቸው፣ የሚያዙኝም በዌብሳይቴ ነው። አምና በ60 ሺህ ብር አሠራሁት። ዓይነታቸውን ታውቃላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ «ከዲዛይን እስከ ዶሜይን» እያሉ የሚለጥፉት፣ ግማሹን ብር ቀድመው ተቀብለው «ልጆቹ ኮድ እየጻፉ ነው» እያሉ ሦስት ሳምንት የሚያመላልሱት።

ትናንት ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ደንበኛዬ ስክሪንሾት ላከችልኝ። ዌብሳይቴ የለም። ነጭ ገጽ ላይ ዶሜይኑ ከምንም ዌብሳይት ጋር አልተገናኘም የሚል እንግሊዝኛ ብቻ። ለፋሲካ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ብደውል ብደውል አያነሱም። ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

ልጁ ሲያየኝ ቀና እንኳ አላለም። አምና «እርስዎ፣ እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ልጅ፣ ስልኩን እየነካካ «የዓመቱ ፓኬጅሽ አልቋል፣ ማሳደሻው 38 ሺህ ነው» አለኝ። «አንዴ ከከፈሉ ጨረሱ» ያለኝ እኮ ራሱ ነው። እሺ፣ ፋይሉን ስጠኝና ሌላ ቦታ ላስጭነው አልኩት። ያኔ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «የሚሰጥ ፋይል የለም። ይኸው፣ እዪው።»

አየሁት። ያለ ኮድ ዌብሳይት ከሚሠራባቸው መገንቢያዎች አንዱ ነው። በእሱ አካውንት ውስጥ የሃያ ምናምን ሰው ዌብሳይት ተደርድሯል፤ የጥርስ ክሊኒክ፣ ፔንሲዮን፣ የመኪና ኪራይ፣ መሃላቸው የእኔ። ቀጥሎ ቴምፕሌቱን፣ ማለትም መገንቢያው ላይ ተዘጋጅቶ የሚገኘውን ንድፍ፣ ከፈተው። የእኔው ገጽ ነው! ያው ቀለም፣ ያው ከላይ ሰፊ ፎቶ፣ ከሥሩ ያው ሦስት ክብ ምስሎች። እናቴ እንዝርት ይዛ ስትፈትል ያነሳኋት ፎቶ በነበረበት ቦታ አበባ የታቀፈች ፈረንጅ ቆማለች። ሦስት ሳምንት የፈጀው ኮድ፣ የእሷን ፎቶ አንስቶ የእናቴን መለጠፍ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሳቀች። አፏን እንኳ አልሸፈነችም።

«ዶሜይኑስ?» አልኩት። «እሱም በእኛ ስም ነው» አለኝ። ዶት ኮም እኮ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ቢያስከፍል ነው። ነገር ግን ያ አድራሻ በየቀሚሱ አንገት ላይ የምሰፋው ሌብል ላይ አለ። 500 አሳትሜያለሁ። ያውቃል፤ አምና ደስ ብሎኝ ሌብሉን ይዤ ሄጄ ያሳየሁት እኔው ነኝ።

ያለ ኮድ መሠራቱን አልጠላሁትም፤ ለእኔ ዓይነቱ ሱቅ ይበቃ ነበር፣ በራሴ አካውንት ቢሆን። የሚያንገበግበኝ ፓስወርዱን አለመጠየቄ ነው። የእህቴ ልጅ «ተቀበዪው» ብሎኝ ነበር። ልጁ «ለደህንነቱ እኛ ጋ ይቆይ» ሲለኝ ዝም አልኩ። ውጭ የሚከፍል ካርድ ስለሌለኝ «እኛ በካርዳችን እንከፍልልዎታለን» ሲለኝ ደግሞ መርቄው ወጣሁ። የጥለት ጉድለት በጣቴ ዳስሼ የምለይ ሰው፣ 60 ሺህ ብር ስከፍል ውል አልጻፍኩም፣ ደረሰኝ አልጠየቅኩም።

የምታሠሩ ካላችሁ አካውንቱም ዶሜይኑም በራሳችሁ ኢሜይል ይከፈት። በምን እንደሚሠራም ጠይቁ፤ ዎርድፕረስ ከሆነ ጠቅልላችሁ ሌላ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት ሰርቨር) ላይ ታስጭኑታላችሁ፣ እንደ ዊክስ ባሉት ያለ ኮድ መገንቢያዎች ላይ የተሠራ ግን እንዳለ ተነቅሎ አይወጣም። ቀድማችሁ ያሠራችሁ አይካን ሉክአፕ (ICANN Lookup) በሚባለው የዶሜይን መፈተሻ ገጽ ላይ የዌብሳይታችሁን አድራሻ አስገቡ። የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ይደበቃል፣ የት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚያልቅ ግን ታያላችሁ።

38 ሺውን አልከፍልም። አሁን ከእህቴ ልጅ ጋር ለፋሲካ ከተዘጋጁት ቀሚሶች ላይ ሌብሉን መፍታት ጀምረናል።