በደብረ ማርቆስ ከግሉተን የጸዳ ቡና ለምታቀርብልን እህት ምስጋና እና ጥቆማ

በደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ካፌ ከፍታ የጀበና ቡና፣ ማኪያቶና ጁስ የምታቀርብ አንዲት ወጣት እህታችን ለባለቤቴ ስላደረገችላት ጥንቃቄ በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። ስሟን ያልጠቀስሁት ራሷ እንዲቀር ስለጠየቀችኝ ነው። ሆኖም እንደ ባለቤቴ ግሉተን የሚያሳምማቸው ሰዎች በጎጃም ከተሞች ሲመላለሱ ሳይሰጉ የሚጠጡበት ቦታ ቢያውቁ እጅግ ስለሚጠቅማቸው፣ የሠራችውን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ባለቤቴ ሴሊያክ የተባለ ሕመም አለባት። በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ወደ ሆዷ በገባ ቁጥር የሰውነቷ መከላከያ የራሷን ትንሹን አንጀት ያጠቃል፤ ከምግብ የሚገኘው ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚያልፍበት ክፍል ስለሚጎዳም የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ፣ ደም ማነስና ድካም ይከተላል። ሕክምናው ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው። ጎጃም የጤፍ አገር በመሆኑ፣ ጤፍም በተፈጥሮው ግሉተን ስለሌለው፣ ሌላ እህል ያልተቀላቀለበት እንጀራ እስካለ ድረስ ማዕዷ አይጎድልም። ያስቸገረን መጠጡ ነበር፤ ግሉተንን በዳቦ እንጂ በሲኒ ውስጥ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነውና።

ቡና ራሱ ግሉተን የለውም። ስለዚህ ከቤት ውጭ ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ቡና እኮ ነው፣ ምንም የለበትም፣ አይዟችሁ» የሚል ነበር፤ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ያልተመረመረ መልስ ነው። ይህች እህት ግን ነገሩን ስናስረዳት «እትዬ፣ ሳላጣራ የለበትም ብዬ ልዋሽዎ አልደፍርም፤ እስቲ አንድ በአንድ ልየው» አለቻት።

መጀመሪያ ያየችው ምጣዱን ነው። ቡና የምትቆላበት ምጣድ ለቡና ቁርስ የሚቀርበው የገብስ ቆሎም የሚቆላበት ነበር። ግሉተን እንደ ተዋሲያን በእሳት የሚሞት ነገር ስላልሆነ፣ ከምጣዱ ላይ የቀረው የገብስ ብናኝ ከቡናው ጋር ሊሄድ ይችላል፤ ይህንን እንደተረዳች ለቡና ብቻ የሚሆን ሌላ ምጣድ ለየች። ተፈጭቶ የሚሸጥ ቡናም አታስገባም። በእንዲህ ያለው ቡና ላይ የተቆላ ገብስ ወይም ሌላ እህል ለማብዣ የሚደባለቅበት ጊዜ አለ፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን መለየቱ ያስቸግራል። እርሷ ጥሬውን ራሷ ለቅማ፣ አጥባና ቆልታ ትወቅጠዋለች።

ከዚያ ወደ ማኪያቶው ማሽን አለፈች። ሚሎና ኦቫልቲን የተባሉት በወተት የሚበጠበጡ ዱቄቶች የገብስ ብቅል አለባቸው፤ እነርሱ የተበጠበጡበትን ወተት ያሞቀው የእንፋሎት ቧንቧ ሳይታጠብ ወደሚቀጥለው ማንቆርቆሪያ ከገባ ብቅሉን ይዞት ይሄዳል። ጠላ በሚጠመቅበት አገር ብቅል ከምን እንደሚሠራ የማያውቅ የለም፤ በጣፋጭ ዱቄት መልክ በቆርቆሮ ታሽጎ ሲመጣ ግን ልብ የሚለው ያንሳል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነጻ የሚባለው ምግብ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበት ብቻ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ በማንኪያ ጫፍ የሚቀር ዱቄት እንኳ ቀላል አይደለም። ስለዚህም የባለቤቴን ወተት በተለየች ትንሽ ድስት እሳት ላይ ታሞቅላታለች፤ ማንኪያውንና ሲኒውንም በሳሙና አጥባ ለብቻ ታስቀምጣለች።

ከሁሉ ይበልጥ ያከበርኋት ግን በከለከለችን ነገር ነው። ባለቤቴ የአቮካዶ ጁስ ስትጠይቃት፣ ያለኝ ብሌንደር አንድ ብቻ ነው፣ በሶም የምመታው በእርሱ ነው፣ ከምላጩ ሥር የሚቀረውን ሁሉ አጥርቼ ማጠቤን እርግጠኛ ስላልሆንሁ ጁሱን አልሰጥዎትም አለቻት። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነውና ፍርዷ ትክክል ነበር። ገቢዋን ትታ እውነቱን የምትናገር ነጋዴ ስትሰጥ ደግሞ ያለ ሥጋት ይጠጣላታል። የአጃ መጠጥንም በዚሁ መንገድ ትከለክላለች፤ አጃ ከማሳ እስከ ወፍጮ ከገብስና ከስንዴ ጋር በቀላሉ ስለሚደባለቅ፣ ንጽሕናው ካልተረጋገጠ በስተቀር ለሴሊያክ ሕመምተኛ አይመከርም። ለቡና ቁርስም ዳቦና ቆሎ ከያዘው ሰሃን አርቃ ለባለቤቴ ፈንዲሻ ለብቻው ታቀርብላታለች።

ወደዚህ ካፌ የምትሄዱ ሁሉ ሕመማችሁን ከማዘዛችሁ በፊት ንገሯት። አውቶቡሶች በሚነሡበት የማለዳ ሰዓት ግርግር ስለሚበዛ፣ ረፈድ ሲል ብትሄዱ ተረጋግታ ታስተናግዳችኋለች። ሌሎች የካፌ ባለቤቶችም ቢያንስ ምጣዱንና የወተት ማሞቂያውን እንዲለዩ፣ ያላጣሩትንም እንዳላጣሩ በግልጽ እንዲናገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እህቴ፣ ባለቤቴ ከሰው ጋር ተቀምጣ ቡና መጠጣት ትታ ነበር፤ አሁን ከጓደኞቿ ጋር እስከ በረካ ድረስ ትቀመጣለች። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሥራሽንም ይባርክልሽ። ቤቱን ለማያውቁና ለሚጠይቁኝ ሁሉ በደስታ አመለክታለሁ።