ሴልቲክ ኮኔክሽንስ፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አዳራሹን እዩ

የስኮትላንድን ባህላዊ ሙዚቃ ጠግቦ ለመስማት ለሚፈልግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረውን የግላስጎውን ሴልቲክ ኮኔክሽንስ የሚስተካከል ፌስቲቫል ማግኘት ይከብዳል። ከጃንዋሪ አጋማሽ ጀምሮ ለ18 ቀን ገደማ ይቆያል፤ ዝግጅቶቹ ወደ 300 ይጠጋሉ። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ብዛት ነው። በአንድ ምሽት ሦስት አራት ጥሩ መድረክ ይገጣጠማል፤ የአሜሪካና የሌላ አገር እንግዶችም ብዙ ስለሆኑ ፕሮግራሙን ሳያነብ ትልቅ ስም ብቻ አይቶ የቆረጠ ሰው የስኮትላንዱን ሳይሰማ ሊመለስ ይችላል። ከዘፋኙ ስም በፊት መሣሪያውንና አዳራሹን ማየት ይሻላል።

አየር በስልቻ ተይዞ ከሚጫወተው መሣሪያ፣ ከባግፓይፑ እንጀምር። የሃይላንዱ (የስኮትላንድ ተራራማ አገር) ባግፓይፕ ስልቻ፣ የመንፊያ ቱቦ፣ ዘጠኝ ኖታ ብቻ ያለው የዜማ ቱቦና ትከሻ ላይ የሚያርፉ ሦስት አጃቢ ቱቦዎች አሉት። ከአጃቢዎቹ ሁለቱ ከዜማው መነሻ ኖታ አንድ ኦክታቭ (ያው ኖታ ዝቅ ብሎ የሚደገምበት ርቀት)፣ ረጅሙ ደግሞ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብለው ያንኑ ድምፅ ያለማቋረጥ ይይዛሉ። ድምፁን ማሳነስም ሆነ በኖታና በኖታ መካከል ማቋረጥ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ኖታ ሁለት ጊዜ እንዲሰማ ከተፈለገ ተጫዋቹ መሐል ላይ በጣቱ ሌላ ቅጽበታዊ ኖታ ይሰነቅራል። ጎበዙ ከጀማሪው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ጥቃቅን ኖታዎች ከተዝረከረኩ ዜማው በሙሉ ይበላሻል።

ጃንዋሪ ግላስጎው ውስጥ ብርድ ነው። ከቅዝቃዜ የገባ ባግፓይፕ መድረክ ላይ ሲሞቅ የዜማ ቱቦው ድምፅ ወደ ላይ ይሸሻል፤ አጃቢዎቹ እኩል ካልተከተሉት ድምፁ ሲርገበገብ በግልጽ ይሰማል። ተጫዋቹ ክንዱን አንሥቶ የአጃቢዎቹን መጋጠሚያ ገፋ ሳብ ሲያደርግ ካያችሁት እየቃኘ ነውና ታገሡት። ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይወጣል፣ ሲረዝም ይወርዳል። ሦስቱ የገጠሙ ዕለት መርገብገቡ ይጠፋና አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ሌላው ጣጣ ቅኝት ነው። ቫዮሊኑ «ላ»ን በ440 ኸርዝ ይቃኛል፤ የዛሬው የሃይላንድ ባግፓይፕ «ላ» የሚለው ድምፅ ግን ወደ 480 ይጠጋል። ባንዶች ይህን ለማስታረቅ ዝቅ ያለ የዜማ ቱቦ ይጠቀማሉ፣ ወይም ወደ ትንሹ ባግፓይፕ፣ ወደ ስሞልፓይፕ፣ ይሄዳሉ። ስሞልፓይፕ ብዙውን ጊዜ በአፍ አይነፋም፤ በክንድ በሚጫኑት ትንሽ ወናፍ ነው አየር የሚያገኘው። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ከቫዮሊንና ከበገና ጋር ያለ ጠብ ይስማማል። ፕሮግራሙ ላይ ስሞልፓይፕ የሚል ካያችሁ አታሳልፉት።

አሁን ወደ አዳራሾቹ። ሮያል ኮንሰርት ሆል ከ2,000 በላይ ሰው ይይዛል። ለትልቅ ባንድ ጥሩ ነው፤ ለብቸኛ ድምፅ ግን ይሰፋል፤ ከበሮና ቤዝ ጊታር ሲጨመርበት የዘፋኙ ቃል ይዋጣል። ኦልድ ፍሩትማርኬት የቀድሞ የፍራፍሬ ገበያ ነው፤ የነጋዴዎቹ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች እስካሁን ግድግዳው ላይ አሉ። ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ የሚቆምበት ስለሆነ ለጭፈራ ሙዚቃ ይመቻል፤ ለዝግታ ዘፈን ግን ከኋላ ያለው ወሬ ያስቸግራል፣ ወደ ፊት መጠጋት ነው። ከስኮትላንድ ነባር ቋንቋዎች በአንዱ፣ በጌሊክ፣ የሚዘፈነውን ዘፈን ለመስማት ከሁሉም የሚመረጠው ሲቲ ሆልስ፣ በተለይም ትንሹ ክፍሉ ነው።

የጌሊክ ዘፈን ለዚህ ፌስቲቫል የሚመጣበት ዋናው ምክንያት መሆን አለበት ብንል አናጋንንም። ብዙዎቹ ዜማዎች በአምስት ኖታ የቆሙ ስለሆኑ ትዝታ ሲሰማ ላደገ ጆሮ እርከኑ እንግዳ አይሆንም፤ እንግዳ የሚሆነው ቃሉን ተከትሎ የሚታጠፈው ጌጡ ነው። የሱፍ ጨርቅ መምቻ ዘፈኖቹን በተለይ አድምጡ። ሴቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እርጥቡን ጨርቅ በአንድነት እየመቱ እያዞሩ የሚያጠብቁበት ሥራ ነበር፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የምቱ ፍጥነት ለእጅ የተሠራ ነው፤ ባንድ አፋጥኖ ሲጫወተው ክብደቱ ይጠፋል። መሣሪያ በሌለበት ለማስጨፈር የሚዘፈነው የአፍ ሙዚቃም አለ። እዚያ ላይ የዘፋኟን ትንፋሽ ተከታተሉ፤ የኖርዝ ዩዊስት ደሴቷ ዘፋኝ ጁሊ ፋውሊስ ያን ሁሉ ፈጣን ቃል አንዱንም ሳትውጥ ታወጣዋለች። የግጥሙ ትርጉም ሁልጊዜ ስለማይቀርብ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው አጭር ማብራሪያ እንዳያመልጣችሁ በሰዓቱ ግቡ።

ከቫዮሊን ሰዎች ስትራትስፔይን ጠብቁ። በአራት ምት የሚሄድ፣ አጭር ኖታ ቀድሞ ረጅሙን የሚገፋበት የስኮትላንድ የራሱ ስልት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሳያቋርጥ ሪል ወደሚባለው ፈጣን የጭፈራ ዜማ ይሻገራል። ሽግግሩ ላይ ቀስቱ ከዘገየ ጨፋሪው ይደናገራል።

አንድ ምሽት ብቻ ያለው ሰው የቢቢሲ ሬድዮ ስኮትላንድን የወጣት ባህላዊ ሙዚቀኞች ውድድር ፍጻሜ ይቁረጥ፤ የተለያየ መሣሪያ የያዙ ተወዳዳሪዎችን በአንድ መቀመጫ ያሰማል። ገንዘብ ለቸገረው ደግሞ ዳኒ ካይል የተባለው ክፍት መድረክ በነፃ ነው፤ ገና ያልታወቁ ዘፋኞች ጥቂት ጥቂት ዘፈን ይዘው ይወጣሉ። ጥራቱ ይለያያል፤ ቢሆንም አሸናፊዎቹ በቀጣዩ ዓመት መድረክ ስለሚያገኙ አብዛኛው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።