ስኪ የማንችል ሰዎች ዘርማት ሄደን ነበር (ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትነሱ)

እህቴ ስዊዘርላንድ በርን ነው የምትኖረው፣ ጥር ላይ እናቴንና እኔን ጋበዘችንና 4 ቀን ዘርማት የሚባለው የስኪ (እግር ላይ አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ጨዋታ) መንደር ይዛን ሄደች። እናቴ 61 ዓመቷ ነው ጉልበቷንም ያማታል፣ እኔ ስኪ እግሬ ላይ አስሬ አላውቅም፣ እህቴም ስንት ዓመት እዛ ኖራ አልሞከረችውም። ስለዚህ የምጽፈው ስኪ ለማይነካ ሰው ነው። ቀድሜ ልናገር፣ ቦታው ወላሂ በጣም ጥሩ ነው፣ ያቃጠለኝ ከዚህ የገዛነው ፓኬጅ ነው።

እዚሁ ከተማችን ያለ አንድ የጉዞ ቢሮ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው «አብሽሩ፣ ሁሉም ነገር ያለበት ነው» ብሎ ፉል ፓኬጅ አስገዛን። ሁሉም ነገር ያለው ለካ የስኪ ኪራይ፣ የአስተማሪ ክፍያና የ4 ቀን የስኪተኛ ሊፍት (ስኪተኞችን ወደ ተራራው የሚያወጣው) ቲኬት ነው፣ የእናቴን ጉልበት ደግሞ ቁጭ ብዬ ነግሬዋለሁ! እኛ የምንፈልገውን ተራራ የሚወጣውን ባቡር ያስያዘልን ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ነበር፣ ያን ቀን ተራራው ላይ ደመና ተኝቶ ከአፍንጫችን ወዲያ ምንም ሳይታየን ወረድን። ስንመለስ ቢሮው ሄጄ ያልተጠቀምንበት ይመለስልን ብል «ተከፍሏል፣ አይመለስም» አለኝ። እናቴ ከእቁቧ ያወጣችው ብር ስለሆነ እስካሁን ያንገበግበኛል። እና እባካችሁ ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት «ለእግረኛ የሚሆን ቲኬት ለብቻው አለ ወይ፣ ቀኑንስ እኔ መምረጥ እችላለሁ ወይ» ብላችሁ ጠይቁ። አለ። ስኪ የማይጫወት ሰው የሚወጣበትን ቲኬት ብቻ ለየብቻ እዛው ጣቢያው ላይ መግዛት ይችላል፣ የባቡር ግማሽ ዋጋ ካርድ ካላችሁ ደግሞ ይቀንሳል።

እንግዲህ ወደ ቦታው ልምጣ። ዘርማት የቤንዚን መኪና አይገባም፣ በመኪና የመጣ ሰው 5 ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ ቴሽ የምትባል ቦታ አቁሞ በባቡር ነው የሚገባው፣ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ናቸው። ለእናቴ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ መኪና ሳትፈራ መሀል መንገድ ላይ እንደልቧ ትሄዳለች። ከፍታ ለሚያሳስባችሁ፣ መንደሩ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ማለት ከኮምቦልቻም ዝቅ ይላል፣ እኛ ደሴዎች ደግሞ 2,500 አካባቢ ላይ የምንውል የምናድር ሰዎች ነን።

ዋናው ነገር የጎርነርግራት ባቡር ነው። ከ1898 ጀምሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)፣ 33 ደቂቃ ወጥቶ 3,089 ሜትር ላይ ያደርሳችኋል። ሐረጎን በሚኒባስ የወጣ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ያውቃል፣ እዚህ ግን ከሐዲዱ መሀል ጥርስ ያለው ሌላ ሐዲድ አለ፣ ከባቡሩ ስር ያለው ማርሽ እሱን እየነከሰ ነው የሚወጣው፣ ወደኋላ መንሸራተት የለም። ስትወጡ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ማተርሆርን የሚባለው ዝነኛው ተራራ የሚታየው በዛ በኩል ነው። እኛ በ3ኛው ቀን ጠዋት እህቴ የተራራውን ቀጥታ ካሜራ በስልኳ አይታ «ጥርት ብሏል ተነሱ» አለችን፣ እንደገና ከኪሳችን ከፍለን ወጣን፣ እናም ያ ሁሉ ነጭ ተራራ በአንዴ ሲገለጥ እናቴ «ሱብሃነላህ» ብላ ብዙ ሰዓት ዝም አለች። ላይ አንዳንዱ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው እሷ ምንም አላላትም። ማተርሆርን 4,478 ሜትር ነው፣ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል፣ ግን ብቻውን እንደ ጦር ጫፍ ቆሞ ሲታይ ሌላ ነገር ነው።

ስኪ የማይጫወት ሰው የሚበርደው ከሚጫወተው በላይ መሆኑን ማንም አልነገረንም። እነሱ ይንቀሳቀሳሉ ያልባቸዋል፣ እናንተ ግን ቆማችሁ ነው የምታዩት። ጋቢ ለሆቴል ውስጥ ያዙ፣ ውጪ ግን ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ከሥር ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት ነው የሚያዋጣው። ጥቁር መነጽር ደግሞ የግድ ነው፣ በረዶው የፀሐይዋን ጨረር መልሶ ዓይን ላይ ነው የሚያመጣው። ጫማ ላይ ተሳስቻለሁ፣ እዚህ የገዛሁት ሶሉ ለስላሳ ነበር፣ እናቴ መንደሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ ስትል እህቴ ነች የያዘቻት። ከዛ ሶሉ ጎርበጥ ያለ፣ ከወፍራም ካልሲ ጋር የሚሆን አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቦት፣ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ጥርስ ያለው ጎማም ጨምረን ገዛንላትና በሮዝ ምልክት የተለየውን የበረዶ ወቅት የእግር መንገድ ቀስ እያለች አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደችው። መንገዱ ተጠርጎ ተደልድሏል፣ ስኪተኛ አይገባበትም።

እኔና እህቴ ከሮተንቦደን እስከ ሪፈልበርግ (ሁለቱም የዚሁ ባቡር ጣቢያዎች ናቸው) በስሌጅ፣ ማለት በበረዶ ላይ በሚንሸራተት መቀመጫ፣ ወረድን፣ ቁጭ ብላችሁ በእግራችሁ ፍሬን እየያዛችሁ ነው፣ እናቴ ባቡሩ ጣቢያ ጠበቀችን። ለጉልበት አይሆንም።

ምግብ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ፎንዱ የሚሉት የቀለጠ አይብ ነጭ ወይን ተጨምሮበት ነው የሚሠራው፣ አስተናጋጁ ካልተጠየቀ አይነግራችሁም። እኛ ራክሌት በላን፣ የቀለጠ አይብ በተቀቀለ ድንች ላይ ነው፣ የአሳማ ሥጋ አጠገቡ እንዳያደርጉ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ክርስቲያን ጓደኞቼ ደግሞ እስከ ገና ጾም ስለሆነ አይቡም አይሆንላችሁም፣ ከገና በኋላ ብትሄዱ ይሻላል። ቡና በፔርሙዝ ይዘን ነበር የምንወጣው፣ ተራራ ላይ ሁሉ ነገር ውድ ነው። ሶላት ለሚሰግድ፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ጥር ላይ ከዙህር እስከ መግሪብ ወደ 4 ሰዓት ተኩል ነው ያለው፣ እኛ ዙህርና አስርን አስበን ነበር መውጫችንን የምናስተካክለው።

ደመና ለሆነ ቀን የማተርሆርን ሙዚየም አለላችሁ፣ መንደሩ መሀል ነው። በ1865 (ይሄም በፈረንጅ ነው) ማተርሆርንን መጀመሪያ የወጡት 7 ሰዎች ነበሩ፣ ሲወርዱ ገመድ ተበጥሶ 4ቱ ሞቱ፣ የተበጠሰው ገመድ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል፣ ቀጭን ናት። እናቴ እሱ ፊት ቆማ «እናቶቻቸው እንዴት ብለው ሰሙት ይሆን» አለች። ከባቡሩ ቀጥሎ ስለ ጉዞው ስታወራ የምታነሳው እሱን ነው።

ሆቴሉ ደህና ነው፣ ይሞቃል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ቪዛ ለምትጠይቁ፣ ሸንገን (ለስዊዘርላንድ የሚያስፈልገው የአውሮፓ ቪዛ) ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፣ ቀጠሮ ስለሚጣበብ ለጥር የምትሄዱ ከመስከረም ጀምሩ። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ ግን የበረዶ ጨዋታ የማይሸፍን ስላለ ስሌጅም ቢሆን ይሸፍናል ወይ ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። የእናቴ ቦት ደግሞ ሥራ አልፈታም፣ ክረምት ላይ ሰኞ ገበያ ስትወርድ ጭቃውን በሱ ነው የምትረግጠው።