ከፊራ የገዛሁት የወንዶች ሽቶ፦ ጠረኑ ግሩም፣ ካርቶኑ ግን ያሳስባል

ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ካለ ሱቅ የገዛሁት የወንዶች ዲዛይነር ሽቶ ጠረኑ አንጀት ያርሳል፤ በዚህ ሁሉ ሙቀት እንኳን እስከ ማታ አይለቅም። ቅሬታዬ ካርቶኑ ላይ ነው። ከተዘረዘሩት ንጥረ ነገሮች መሀል ቡቲልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል የሚል አለ፣ በተለምዶ ሊሊያል የሚሉት፤ የአውሮፓ ህብረት ይሄን ነገር መውለድን ሊጎዳ ይችላል ብሎ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከመዋቢያ ምርቶች አግዶታል። ፎርጅድ ካልሆነ የቆየ ዕቃ ሳይሆን አይቀርም። ሻጩን ስጠይቀው «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ» ከማለት ውጪ መልስ የለውም። በጣም ነው የከፋኝ፤ ሰው ገላው ላይ የሚያደርገው ነገር እኮ ነው!

ሊናሎልና ሊሞኒን የሚባሉት የመዓዛ ንጥረ ነገሮች ብዙ ሽቶ ውስጥ ስላሉ ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ብቻ ተጠንቀቁ። ሊሊያል ያለበትን ግን በቅናሽ ቢሰጧችሁም አትግዙ።