ኦክሲቴትራሳይክሊን ለዓሣ ጫጩት ምልክት ማድረጊያ

ሐይቅ የተለቀቀ ዓሣ በኋላ እንዲለይ ሚሊዮን ጫጩት አንድ በአንድ እየያዙ ክንፍ በመቁረጥ ምልክት ማድረግ አይቻልም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ሃይድሮክሎራይድ የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ግን ውሃው ውስጥ ተበጥብጦ ገንዳ ሙሉ ጫጩት በአንድ ጊዜ ምልክት ያደርጋል። መድኃኒቱ ካልሲየም ላይ ስለሚጣበቅ በዚያን ዕለት በሚያድገው አጥንትና የጆሮ ጠጠር (በዓሣው ጆሮ ውስጥ ያለ ጠንካራ ቅንጣት) ውስጥ ይቀራል። ሐይቅ የተለቀቀው ዓሣ ከዓመታት በኋላ ሲጠመድ፣ ጠጠሩ በአልትራቫዮሌት ማይክሮስኮፕ ቢጫ ቀለበት ያሳያል። ለጥቃቅን ጫጩት አጥብቀን የምንመክረው ምርት ነው።

የተለመደው መጠን በሊትር 500 ሚሊግራም ለ6 ሰዓት ነው፤ ለ1,000 ሊትር ገንዳ 500 ግራም። ይህ የንጹሁ መድኃኒት ሚዛን መሆኑን ልብ በሉ። የዱቄቱ ግማሽ ብቻ መድኃኒት ከሆነ 1 ኪሎ ያስፈልጋል፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳያነቡ መመዘን አይገባም።

ዱቄቱ ውሃውን አሲድ ያደርገዋል። አሲዱን የሚያበርደውን ጨው፣ ዳይሶዲየም ፎስፌትን፣ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 7 ሳያደርሱ ጫጩት ከከተቱ እልቂት ነው። ከዚህ የባሰው ግን ጠንካራ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውሃ ነው፤ ጉዳቱ በዕለቱ አይታይማ! ካልሲየምና ማግኒዚየም መድኃኒቱን ገና ውሃው ውስጥ ይይዙታል፣ ጫጩቱ በሰላም ይወጣል፣ ምልክቱ ግን ደብዛዛ ይሆናል ወይም ጭራሽ አይኖርም። ለስላሳ ውሃ ፈልጉ። አየር ሲነፋ አረፋ ስለሚያጥለቀልቅ አረፋ ማጥፊያ አዘጋጁ፤ ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያበላሽ ገንዳውን ሸፍኑ። የመድኃኒት ፈቃዱና የፍሳሹ አወጋገድ ጉዳይ አስቀድሞ ይጠናቀቅ።

ለምርመራ የተያዘውን ዓሣ ፎርማሊን ውስጥ አታስቀምጡ፣ ጠጠሩን ያሟሟል፤ በረዶ ቤት ይግባ። የወጣው ጠጠርም ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። የትልቅ ዓሣ ጠጠር እስከ እምብርቱ መሞረድ አለበት፤ ትንሽ ካለፉ ቀለበቱ አብሮ ይጠፋል።

ምልክቱ በትክክል መያዙን ለማረጋገጥ፣ መድኃኒቱ ውስጥ ከተነከሩት ጥቂቱን ገንዳ ውስጥ ማስቀረት የግድ ነው። ለምሳሌ ከነዚህ ከ100 በ90ዎቹ ብቻ ምልክት ከታየ፣ ከሐይቁ በተያዙ 200 እኩያ ዓሦች ላይ የተገኘው 54 ምልክት ለ0.9 ተካፍሎ 60 ይሆናል፤ የተለቀቁት ድርሻ 27 ሳይሆን 30 በመቶ ነው ማለት ነው። ለምርመራ በሚቀርበው ላይ ያልተነከረ ዓሣም ይቀላቀልበት፣ ያለ መድኃኒት የሚያበራ ጠጠር አለና፤ ጠጠሩን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገረው።

ትልቁ ጉድለቱ ዓሣው ሳይሞት ምልክቱ አለመነበቡ ነው። አንዱ ቀለበትም የትኛው ዙር እንደተለቀቀ አይናገርም፤ ሁለት ዙር ለመለየት አንዱን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ መንከር ያስፈልጋል።